ያን ድምፅ እኔም ሰምቼዋለሁ

ከሚሴ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

የልጄ የዘሃራ ሞት ከምትማርበት ከደሴ በስልክ ከተነገረኝ ዛሬ ሦስት ወር ሆነ። የትምህርት ቤቱን ደረጃ ስትወጣ ወድቃ ቀረች። ያልታከመ ቶንሲል የልቧን በር ካበላሸው ቆይቷል አሉን ሐኪሞቹ። ቶንሲል ሲመላለስባት፣ ጉልበቷ ሲያብጥ፣ እኔ ብርድ ነው እያልኩ ቅቤ እቀባት ነበር።

ጎረቤቴ ሉባባ በዘሃራ ሞት ደንግጣ ልጇን ፎዚያን ሐኪም ዘንድ ወስዳት ነበር፤ የፎዚያም ጉልበት ያብጣል። ዛሬ ከምርመራ እንደተመለሰች መጣች።

«ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ ልቧ ድምፅ አለው አለኝ። ከዚያ እንደ እርጉዝ ሆድ ቅባት ቀብተው በአልትራሳውንድ አዩት። አንደኛው በር በደንብ አይገጥምም፣ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል። ግን በጊዜ ደርሰሻል፣ በየወሩ መርፌ ትወጋለች አሉኝ። አልሐምዱሊላህ! ድምፁን እኔንም አሰሙኝ እኮ፤ ሹ... ሹ... ይላል።»

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ዘሃራን አቅፌ ስተኛ ጆሮዬ ደረቷ ላይ ሆኖ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ትንፋሿ ይመስለኝ ነበር። ለሉባባ ግን ምን እንደሆነ የሚነግራት ሰው አጠገቧ ነበረ።

«ወላሂ እህቴ፣ ፎዚያን ያተረፈችልኝ ዘሃራ ናት» ብላ እጄን ያዘች። እጄን ነጠቅኳት። አልሐምዱሊላህ ማለት አቃተኝ። ቀናሁባት፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ይህን ደብተር ያገኘ ሰው ለዘሃራ ዱዓ ያድርግላት። እኔ እጄን ለዱዓ ስዘረጋ ፊቴ ላይ ድቅን የምትለው የተረፈችው ፎዚያ ናት።