ድህነቴን የሚመሰክረው መሥሪያ ቤት ተዘግቶ ስለመክረሙ

ለክቡር አቶ ግራንቪል ሆልኮም፣
የኮንግረስ አባልና የሸለቆአችን ሕዝብ እንደራሴ፣
ዋሽንግተን፣ ወይም በዚህ ሳምንት ባሉበት ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሙሉ ጤና ይዘው፣ በደንብ በሚሞቅ ቤት ውስጥ፣ ቁርስዎን በልተው ከጨረሱ በኋላ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በምሥራቅ ኬንታኪ የስቶኒ ሊክ ሸለቆ ነዋሪ የሆንኩት ቨርና ታኬት፣ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፤ ወገቤንም ቢሆን የልብስ ስፌት ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለተገለገለበት ቅሬታ የለኝም። ደብዳቤውን በካውንቲያችን ጋዜጣ ላይ በግልጽ ያወጣሁት እርስዎን ላሳፍር ብዬ አይደለም፤ ወደ ቢሮዎ ዘጠኝ ጊዜ ስደውል ዘጠኝ ጊዜ "መልእክትዎ ለእኛ እጅግ ጠቃሚ ነው" የሚል የተቀዳ ድምፅ ስላስተናገደኝ፣ ይህን ያህል የከበረ መልእክት በማሽን ሆድ ውስጥ ተቀብሮ እንዳይቀር ሰግቼ ነው። በአሥረኛው ጥሪ የሆነውን ከታች እገልጻለሁ።

ጉዳዬ የእህቴ ልጅ ኦዴሳ ናት። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ስሆን፣ ዘንድሮ ሃያ ዓመት ሞልቷታል። ባለፈው መኸር ከሸለቆው ታች ባለው ኮሌጅ ለነርስነት ትምህርት ከተመደቡት ሃያ አራት ወንበሮች አንዱን በፈተና አሸንፋ አገኘች፤ ትምህርቱም በጃንዋሪ ሊጀመር ነበር። ክፍያው ከፌደራሉ የተማሪዎች ድጎማ ይሸፈናል፤ ድጎማው ደግሞ እርስዎና ባልደረቦችዎ በየዓመቱ ከምትነታረኩበት በጀት ይወጣል። ወንበሩ እንግዲህ በእርስዎና በእኔ ትብብር የሚጸና ነበር። እኔ የበኩሌን እንዳደረግሁ፣ እርስዎም የበኩልዎን እንዳደረጉ ከዚህ በታች ያለው ያስረዳል፤ ቅሬታ መደርደር ደግሞ በእኛ ቤት ነውር ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ኦዴሳ የእርዳታ ማመልከቻውን ሞልታ ከላከች በኋላ፣ የቤተሰቧ ገቢ ከሚጣራባቸው ተማሪዎች አንዷ ሆና በዕጣ ወጣች። ይህች ልጅ የሸለቆአችን እሳት አደጋ ብርጌድ ገንዘብ ለማሰባሰብ በሚያወጣው ዕጣ አንድ የፖም ኬክ እንኳ ደርሷት አያውቅም፤ የመንግሥት ዕጣ ግን በአንድ ጊዜ አገኛት። ለማጣራቱ የሚፈለገው አንዲት ወረቀት ብቻ ነበረች፤ እኔ ቨርና ታኬት ከአካል ጉዳት አበሌ በቀር ገቢ እንደሌለኝ፣ ስለዚህም የገቢ ግብር እንዳላስታወቅሁ የምትመሰክር፣ ከፌደራሉ የግብር መሥሪያ ቤት በማኅተም የምትወጣ ወረቀት። ቤቴን በሩቁ ያየ መንገደኛ ያለ ማኅተም የሚመሰክረው ነገር ነው። ኦዴሳ ትእዛዙን አንብባ "አክስቴ፣ ሰው ያለውን ይደብቃል እንጂ የሌለውን ከየት አምጥቶ ይደብቃል?" ብትለኝ፣ "ዝም በይ፣ መንግሥት የሚያውቀው አለ" ብዬ ገሠጽኳት። ያኔ በእርስዎ ላይ ትልቅ እምነት ነበረኝ።

2ኛ. ስለ ጽናትዎ አመሰግናለሁ። የገና በዓል ሊሆን ጥቂት ቀን ሲቀረው ጊዜያዊው በጀት ለድምፅ ሲቀርብ፣ "አንዲት ስንዝር ወደኋላ አልልም" ብለው እጅዎን ሲያወጡ በቴሌቪዥን ተመልክቻለሁ። ጠቡ ስለ ምን እንደነበረ ሦስት ጣቢያዎች በሦስት መንገድ ስላስረዱኝ እስከዛሬ አልገባኝም፤ ከረባትዎ ግን እጅግ ያምር ነበር። በተቃራኒው ወገን ያሉትም ጌቶች እንዲሁ አንዲት ስንዝር ወደኋላ አንልም ስላሉ፣ በጀቱ ሳይጸድቅ ቀርቶ በማግስቱ መንግሥት ተዘጋ። የእርስዎ ደመወዝ በሕግ የተጠበቀ በመሆኑ እንዳልተቋረጠ ሰምቼ እፎይ ብያለሁ፤ አለዚያ የእርስዎም ሐሳብ በእኔ ላይ ይወድቅ ነበር።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ "ተዘጋ ቢሉም አንድ ሰው አይጠፋም" ብዬ ጎረቤቴን ክሌተስን ለመንኩት። ክሌተስም በፒካፕ መኪናው በረዶውን እየረገመ ሁለት ሰዓት ነድቶ ከከተማው የግብር መሥሪያ ቤት አደረሰኝ። በሩ ላይ "በበጀት እጥረት ምክንያት ዝግ ነው" የሚል ወረቀት ተለጥፎ፣ ከበሩ ፊት ሩፈስ የሚባል ሽበታም ጥበቃ ቆሞ ነበር። "እሜቴ፣ ሁሉም ቤቱ ነው፤ ገና ብለው፣ አዲስ ዓመት ብለው፣ ይመጡ እንደሆነ አላውቅም" አለኝ። አንተስ ምን ትሠራለህ ስለው "ማንም እንዳይገባ እጠብቃለኋ!" አለ። ደመወዝህንስ ስለው "ሲከፈት ይሰጡኛል አሉ፤ አከራዬ ግን ሲከፈት አላለም" ብሎ ሳቀ። ለመንገድ ከያዝኩት ቋሊማ የገባበት ዳቦ ግማሹን ሰጥቼው፣ ክሌተስም ከቴርሞሱ ቡና ቀድቶለት፣ ሦስታችን የተዘጋ መንግሥት በር ላይ ቆመን በላን። ክሌተስ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ያለው አንድ ነገር ነው፤ "ጉድ እኮ ነው ቨርና፣ ደሃ መሆንሽን የሚመሰክርልሽ መሥሪያ ቤት ራሱ ከስሮ ተዘጋ።" እኔም ከመንግሥት ጋር በኑሮ እንዲህ እንገናኛለን ብዬ አስቤ አላውቅም ነበርና፣ ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

የኮሌጁን የእርዳታ ክፍል የምትመራው ኦፓል ብሌቪንስ አብራኝ የተማረች ሴት ናት። የወረቀቱን ቀነ ገደብ አንድ ጊዜ አራዘመችልን፤ ለሁለተኛ ጊዜም አራዘመችልን። ሦስተኛ ብላት "ቨርና ሙች፣ ከዚህ በላይ ከገፋሁት ከኦዴሳ ቀድሜ እኔ ወንበሬን አጣለሁ፤ ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ያሉት ልጆች እናቶችም በየቀኑ ይደውሉልኛል" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በእሷ አልፈርድም። የቀረን እስከ ጃንዋሪ አሥራ ስምንት፣ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ነበር።

3ኛ. ስለ ቢሮዎ መስተንግዶ አመሰግናለሁ። በአሥረኛው ጥሪዬ ትሬንት የሚባል በጨዋነት የታነጸ ወጣት አነሣው። ነገሬን ከጨረስኩ በኋላ "እሜቴ፣ ክቡርነታቸው ስለ ተማሪዎች ያላቸው አቋም የታወቀ ነው፤ ሁልጊዜ ተማሪ ይቅደም ይላሉ" አለኝ። ለአፍ ዳገት የለውም መቼም። "የኔ ልጅ፣ አቋም ሞልቶኛል፤ ያጣሁት ወረቀት ነው" አልኩት። ወደ ግብር መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ይግቡ አለኝ፤ ገብቼበታለሁ፣ ዝግ ነው ይላል አልኩት። ከዚያ አንድ መላ መጣልኝና፣ "ክቡርነታቸው አሥራ ስድስት ዓመት ወክለውኛል፤ ምንም እንደሌለኝ ከእሳቸው የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል? እባክህ አንድ መስመር ይጻፉልኝ" ብዬ ለመንኩት። ትሬንትም "እሜቴ፣ እየቀለዱ ነው?" አለ። እየቀለድኩ አልነበረም።

እንዲያውም ባዶ እጄን እንዳይመልሰኝ ብሎ፣ ፊርማዎ ያለበት ፎቶግራፍ ልላክልዎት ወይ አለኝ። ይላክ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ደረሰ። መንግሥት በተዘጋበት አገር ይህን የመሰለ ፍጥነት ማየቴ እንዳስደነቀኝ ሳልገልጽ ማለፍ አልፈልግም። ፎቶግራፉን ወስጄ ለኦፓል አሳየኋት፤ ኮሌጁ አይቀበለውም አለች።

4ኛ. በሴፕቴምበር ኮሌጁ ድረስ መጥተው ለተማሪዎች እርዳታ ብለው ላስረከቡን፣ የበር ያህል ለሚሆነው የካርቶን ቼክ አመሰግናለሁ። ለፈተናው ልትመዘገብ የመጣችው ኦዴሳም "አንቺ ባለ ሰማያዊ ሹራብ፣ ነይ ጫፉን ያዢ" ተብላ አብራዎት ፎቶ ተነሥታለች። ቼኩ እስካሁን በእርዳታ ክፍሉ ኮሪደር ተሰቅሎ፣ ወረቀት የጎደላቸው ተማሪዎች ከሥሩ ተቀምጠው ወረፋ ይጠብቃሉ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

5ኛ.

ክቡር ሆይ፣ አምስተኛውን ምስጋና ልጽፍ ቁጥሩን አስቀምጬ ሁለት ቀን ሙሉ አየሁት። አልመጣልኝም። ስለዚህ የሆነውን እንዲሁ እነግርዎታለሁ።

ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት አለፈ። ወንበሩ ከጎረቤት ካውንቲ ለመጣ አንድ ልጅ ተሰጠ፤ ጨዋ ልጅ ነው ይላሉ፣ እግዜር ያሳካለት። በአራተኛው ቀን ማክሰኞ፣ መንግሥት በመዘጋቱ ምክንያት የግብር መሥሪያ ቤቱ ወረቀት ቀርቶ የቤተሰብ ፊርማ ብቻ እንደሚበቃ የሚገልጽ ማስታወቂያ ከዋሽንግተን ለኮሌጁ ደረሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ፊርማ እኮ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አለኝ፤ ቢጠይቁኝ ኖሮ በማግስቱ ፈርሜ፣ ከፈለጉም አሥር ጊዜ ፈርሜ እሰጥ ነበር። መንግሥትም በሳምንቱ ተከፈተ፤ እኔና ኦዴሳ ስንፈልጋት የነበረችው ወረቀት በፌብሩዋሪ አጋማሽ በፖስታ መጣች፤ ማኅተሟ የሚያምር፣ በስሜ ምንም ነገር እንዳልተገኘ የምትመሰክር።

እዚህ ላይ ጨዋታውን ላቁምና፣ ተናድጃለሁ። የኦዴሳ እናት፣ ታናሽ እህቴ፣ ከዚህ ሸለቆ እስከ ሆስፒታል ያለው መንገድ አላልቅ ብሎ በአምቡላንስ ውስጥ ነው የሞተችው። ያን ቀን አምቡላንሱ ውስጥ የነበረው ሠራተኛ መኪና ነጂው ብቻ ነበር፤ ነርስ አልተገኘም። ኦዴሳ የስድስት ዓመት ልጅ ሆና የእናቷን እጅ ይዛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስታድግ ምን ትሆኛለሽ ሲሏት ሁለት መልስ ሰጥታ አታውቅም። ኦፓል ደውላ ወንበሩ መሄዱን ስትነግራት "እሺ ወይዘሮ ብሌቪንስ፣ ስለደከሙልኝ አመሰግናለሁ" ብላ ስልኩን ዘጋች፤ ለክፍል የገዛነውን ነጭ ጫማ በመጠቅለያ ወረቀቱ መልሳ ሸፍና ሳጥኑ ውስጥ አስገባችው። አላለቀሰችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ ምድጃው ላይ የነበረው ባቄላዬም እስኪያር ድረስ አለቀስኩ።

አሁን ወደ ጨዋነቴ ልመለስና፣ ሁለት ትሑት ልመናዎች አሉኝ። የመጀመሪያው፣ ኦዴሳ ለመጪው ጃንዋሪ እንደገና ተፈትና፣ ቅጹንም እንደገና ሞልታለችና፣ እርስዎ በኮሚቴዎ ውስጥ "ትርፍ" ብለው ከድጎማው ላይ ሊቆርጡት ያሰቡት ነገር ምናልባት የእሷ ወንበር እግር እንደሆነ መቀሱን ከማንሣትዎ በፊት እንዲያዩልኝ ነው። ሁለተኛው ስለ ጠቡ ነው። እኔ ጠብ አልከለክልም፤ ትልልቅ ሰዎች አንዳንዴ መጣላት አለባቸው። ነገር ግን የግድ መዘጋት ካለበት፣ እባክዎ በጁላይ ይዝጉት። በጁላይ ኮሌጁም ዝግ ነው፣ መንገዱም በረዶ የለውም፣ ሩፈስም ውጭ ቆሞ አይበርደውም።

ውድ ጊዜዎን ስለሰጡኝ አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣ ከአሥራ ስድስት ዓመት ውክልናዎ የተረፈኝን አክብሮት ሁሉ ሳልቆጥብ የማቀርብልዎ፣ ምንም እንደሌላት በፌደራሉ መንግሥት ማኅተም የተረጋገጠላት፣ ታዛዥ መራጭዎ

ቨርና ታኬት
ስቶኒ ሊክ፣ ማርች 10

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ኦዴሳ እስከ መጪው ጃንዋሪ ድረስ ከኮረብታው ላይ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ተቀጥራ አልጋ ታነጥፋለች፣ አቅም ላነሳቸው ታጎርሳለች። እናትዎ ወይዘሮ ኢሞጂን እሷ ከምትንከባከባቸው ክፍሎች በአንዱ ውስጥ ስለሆኑ፣ ደህና መሆናቸውን ልነግርዎ እችላለሁ፤ ጉንፋኑ ለቋቸዋል፣ ፀጉራቸውንም ጠዋት ጠዋት ታበጥርላቸዋለች። "ልጄ መቼ ነው የሚመጣው?" እያሉ በየእሑዱ ሲጠይቋት፣ ልባቸው እንዳይሰበር ብላ "መንግሥት ተዘግቶ ሥራ በዝቶባቸው ነው እንጂ፣ ሲከፈት ይመጣሉ" ስትላቸው ከረመች። መንግሥት ከተከፈተ እነሆ ስድስተኛ ሳምንቱ ነው። ባለፈው እሑድ ጥሩውን ቀሚሴን አስለብሺኝ ብለው፣ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው፣ "ዛሬም አልተከፈተም እንዴ የኔ ልጅ?" ብለው ጠየቋት። ምን ብላ ትመልስላቸው?