ሁለተኛው ክፍል አንቺ ጋ ነው

ሃግሴትራ፣ ስቶክሆልም
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ፣ ዛሬ ግን በጣም ለተናደድኩብሽ ልጄ ለያለምወርቅ፤

በቅድሚያ ለመላው ቤተሰብና ለወዳጅ ዘመድ በታላቅ ክብር የሚገለጽ ዜና አለ። ክቡር አቶ ከፍያለው፣ የአራት ልጆች አያት፣ በዛሬው ዕለት ከቀትር በኋላ በመኖሪያ ቤታቸው ሳሎን ተገኝተው የአንድ ፋይል ስም በገዛ እጃቸው ቀይረዋል። ከሃሉንዳ ሰፈር በምድር ውስጥ ባቡር የመጡት የክብር እንግዳ፣ ወዳጃቸው አቶ ሐዋዝም «ፊደሉን በአንድ ጣት እየለቀምክ እስከ ገና ልትቆይ ነው?» የሚል ንግግር አሰምተዋል።

ሳቅሽ? በይ ጨርሺና ተቀመጪ፤ አሁን ልቆጣ ነው።

እናትሽ ከማረፏ በፊት አልጋዋ ላይ ሆና ለእኔ የተናገረችውን ቪዲዮ ወንድምሽ ይገዙ ሦስት ቦታ መቆራረጡን አልቃወምም። ትልቅ ስለሆነ በኢሜይል አንድ ላይ አይሄድም አለ፤ ይሁን። አንዱን ለራሱ ይዞ፣ አንዱን ለአንቺ፣ አንዱን ለማኑሄ ሰጠ፤ እያንዳንዳችሁ እንድትልኩልኝ። ይሄም ይሁን። እናንተ ግን እናታችሁን እንደ ቅርጫ ሥጋ መደብ መድባችሁ የየድርሻችሁን ይዛችሁ ገባችሁ!

ወንድሞችሽስ ላኩ። ሲልኩ ደግሞ በመንገደኛ ሻንጣ ሽሮ የሚልኩ መስሏቸው፣ የፋይሉን ስም ከነቁጥሩ አጥፍተው አድራሻ ጻፉበት። የይገዙ «ለአባዬ ይድረስ፣ ከልጅዎ ከይገዙ» ይላል። የማኑሄ «ለአባቢ በፍቅር»። ኮምፒውተር ፍቅር አያነብም! ሁሉም አንድ ዓይነት ስም፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ተራ ቁጥር ካልያዙ፣ የአንድ ነገር ቁራጮች መሆናቸውን አያውቅም።

ሐዋዝ ፋይል ማኔጀሩን ከፍቶ ሁለቱን አንድ ፎልደር ውስጥ አስገባልኝና ስም ማውጣት ጀመርን። እኔ ይገዙን አንደኛ አልኩት።

«ለምን?» አለ ሐዋዝ።

«የበኩር ልጄ ነዋ! ማኑሄ ታላቁን ይቀድማል እንዴ?»

«ከፍያለው፣ ይሄ እኮ እጅ ማስታጠብ አይደለም። ማሽኑ ታላቅና ታናሽ አያውቅም።»

«አንተ ዝም በል፣ ልጆቹ የኔ ናቸው።»

ብንከፍተው እምቢ አለ። ሐዋዝ እጄን ከማውሱ ላይ ገፍቶ የማኑሄን አንደኛ፣ የይገዙን ሦስተኛ አደረገው። ተከፈተልሽ! ትንሽ ሄደና ደግሞ ቀጥ አለ፤ «ሁለተኛውን ክፍል አምጡ» አለን። ሁለተኛው ማን ጋ ነው? አንቺ ጋ!

የወጣችውን ያህል አጫወትናት። እናትሽ ትራሱን ተደግፋ፣ የሚቀርጻትን ማኑሄን «በራ ወይ?» አለችው። ከዚያ በካሜራው ወደ እኔ አየችና «ሾርባህ ላይ ጨው አታብዛ» አለችኝ። እዚያ ሆና ስለ ጨው! ቀጥሎ ፊቷ ኮስተር አለና «ያለምወርቅን ግን…» ስትል ምስሉ ተቆረጠ።

በስልክ የሰጠሽኝን መልስ አልረሳሁትም። «ይገዙ የእማዬን ሰርቪስ ቤት ሳያማክረኝ አከራይቷል፤ ይቅርታ ካልጠየቀኝ ቁራጬን አልክም» አልሽኝ። ቁራጬ! እናት ቁራጬ ትባላለች? ቤት ያከራየው እሱ፣ የሚቀጣው እኔ? የልብ ሐኪሙ አውሮፕላን እንዳልሳፈር ከልክሎኝ ስትቀበር አልነበርኩም። አንድ እፍኝ አፈር አልጣልኩባትም። ለእኔ የቀረችኝ ይቺው ናት፤ እሷንም ከመሃል ቆርጠሽ ይዘሻታል። ይገዙን ከጠላሽው ሂጂና በጥፊ በይው፤ ፈቅጃለሁ። ግራ ጉንጩን ብቻ ይሁን፤ በቀኝ በኩል ጥርሱን ያመዋል።

የእኔን ግን ዛሬውኑ ላኪ። ስሙን አትንኪው! ሰላምታ አትጻፊበት፣ «አባዬ» አትበይበት፤ ከነቁጥሩ እንዳለ ይምጣ። እምቢ ካልሽ፣ በአሥራ ሁለት ዓመትሽ አውራ ዶሮ አባሮሽ ጣራ ላይ የወጣሽበትን ፎቶ ለባልሽ ለካሳዬ እልክለታለሁ። እሱ ደግሞ ቁራጭ አይደለም፤ ሙሉው እጄ ላይ ነው።

የልጅ ልጄን ናታንን ግንባሩን ሳሚልኝ። ቤትሽን ሳቅ አይለየው፤ ልጆችሽም አንድ ነገር ለሦስት ሲደርሳቸው መልሰው የሚገጥሙት ያድርግልሽ።

የተቆጣው አባትሽ
ከፍያለው

ደግሞ ሳልነግርሽ ብቀር እንቅልፍ አይወስደኝም፤ እናትሽ ያንቺን ስም አልጠራችም። እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ምን ልትል እንደነበረ ልብሽ ተሰቅሎ ቶሎ እንድትልኪልኝ ብዬ። ስለ ጨው ያለችው እውነት ነው። ከዚያ በኋላ የጠራችው የእኔን ስም ነበር፤ «ከፍዬ» አለች፣ አየር ሳበች፣ እዚያ ላይ ተቆረጠች።