ለንስሩ ሲባል ከሜዳ ስለተባረረችው በቅሎ

ለክቡር ዶክተር ፕሬስኮት ሊንዳል፣
የሃልቨርሰን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት፣
ኤልም ክሪክ፣ አዮዋ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ባለፈው ቅዳሜ በጨዋታው ላይ ፊትዎ ቲማቲም መስሎ ስላየሁት የደም ግፊትዎ ሲያሳስበኝ ሰንብቷል። እኔ ቬርና ሃውገን ነኝ፤ የዩኒቨርሲቲያችን የኳስ ቡድን መለያ የሆነችውን በቅሎ ዶሎረስን የማሳድር፣ ባሌ ኦርቪል ካረፈ ወዲህም በእሱ ፋንታ ገመዷን ይዤ ተጫዋቾቹን ወደ ሜዳ የማስገባ ባልቴት። በቴሌቪዥን እንድናምር በማሰብ የቡድኑን ስምና መለያ ከበቅሎ ወደ ንስር ስለለወጡልን ምስጋናዬን በከተማችን ጋዜጣ በአደባባይ ላቀርብ ወደድኩ።

አንደኛ፣ ታሪካችንን ስላሳጠሩልን አመሰግናለሁ። የመጀመሪያው ቡድናችን ወደ መጀመሪያ ግጥሚያው ሲሄድ፣ ጋሪያቸውን የምትጎትተው በቅሎ ድልድዩ ላይ ቆማ አልንቀሳቀስም አለች፤ ልጆቹም ጥለዋት መሄድ አሳፍሯቸው እስክትንቀሳቀስ ጠበቁ፣ አርፍደው ደረሱ፣ ተሸነፉም። ባለሜዳዎቹ "እናንተ በቅሎዎች!" ብለው ሲሰድቧቸው ስድቡን ስማቸው አደረጉት። ከዚያ ወዲህ በቅሎዋ ሜዳው በር ላይ ከቆመች ማንም አይቀድማትም፤ ዳኛውም ቢሆን ይጠብቃል። ይህን የሰዓት ብክነት ነው ብለው የደረሱበት የመጀመሪያው ሊቅ እርስዎ ነዎት።

ሁለተኛ፣ ስለ ንስሩ። ከትልቅ ከተማ ያስመጧቸው አማካሪዎች ይህን ስም ለመምረጥ እጅግ ከመድከማቸው የተነሳ፣ የቅዳሜው እንግዳ ቡድን ማን ተብሎ እንደሚጠራ ለመጠየቅ ጊዜ አላገኙም። እንግዶቹም ንስሮች ናቸው! "በርቱ ንስሮች!" ብለን በጮህን ቁጥር እጃቸውን እያውለበለቡ አመሰገኑን። ጎረቤቴ ግሌን የአሳማ ሥጋ ሳንድዊቹን እንደያዘ፣ "ቬርና፣ አሁን እኛ የቶቹ ነን?" አለኝ። "ዝም ብለህ ብላ" አልኩት። በአየር የተነፋው ንስርዎም ገና ከበሩ ሳያልፍ ተንፍሶ፣ ውስጡ የነበረችው ተማሪ ክንፉን እየጎተተች ወጣች።

ሦስተኛውን ያለ ቀልድ ልናገር። ዶሎረስ ስትገባ ሕዝቡ "ኦርቪል! ኦርቪል!" እያለ ይጮህ ነበር። የባሌን ስም ከሌላ ሰው አፍ የምሰማው እዚያ ብቻ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አልሰማሁትም፤ በጣም ከፋኝ። የምለምንዎም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሚመጣው ቅዳሜ ዶሎረስ ትግባ።

ክንፍዎ ሳይተነፍስ ዘመንዎ እንዲረዝም እየተመኘሁ፣ ጭድ ባልተለየው እጄ በታላቅ አክብሮት ፈርሜአለሁ፤

ቬርና ሃውገን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ለጋዜጣው ላደርስ ዶሎረስን ይዤ ስወጣ፣ መኖሪያ ቤትዎ በር ላይ ስትደርስ ቆማ አልንቀሳቀስም አለችኝ። ይህንንም የምጨምረው እዚሁ ቆሜ ነው። የመኪናዎን ክላክስ ሰምተናል። ግሌን ሳንድዊች አምጥቶልናል፤ ሰዉም ተሰብስቦ "ኦርቪል!" ማለት ጀምሯል። ለስብሰባ እንደቸኮሉ ጸሐፊዎ ነግራኛለች። ያኔ ድልድዩ ላይ የነበሩት ልጆችም ቸኩለው ነበር።