ምራታችን ብሪጅ ስትማር

የሺዬ፣

ከተለየሽን ይኸው ሁለተኛው ክረምት። እኛ ደህና ነን። ርብ ወንዝ ዘንድሮ ከልኩ አላለፈም፤ ሩዙም ሜዳውን ሞልቶታል። የቤቱን ቆርቆሮ አስለወጥሁ። ሠራተኛው ሚስማሩን አጣምሞ ስለመታው አስነቅዬ እንደገና አስመታሁት። «ጋሼ፣ መቼም አያፈስም» አለኝ። ባያፈስ ጠማማው ቀጥ ይላል?

ልጃችን አግብቷል። ምራታችን እናኑ ትባላለች፤ የይፋግ መሪጌታ ልጅ ናት። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሁለት ለሁለት ገጥመን የምንጫወተው የእሑዱ ብሪጅ ካርታ ቀርቶ ነበር። ጎረቤቶቻችን ደምሴና ሚስቱ ውባለም ይመጣሉ፣ ሦስት ሆነን እንተያያለን፣ ይመለሳሉ። ያለ አራተኛ ሰው ጨዋታ የለም። ስለዚህ እናኑን አንቺ ወንበር ላይ አስቀምጬ አስተማርኋት።

ሂሳቡን ወዲያው ያዘችው፦ አስ አራት ነጥብ፣ ንጉሥ ሦስት፣ ንግሥት ሁለት፣ ወታደር አንድ። ስንት ዙር እንደምንወስድ የምንወራረድበትን ጨረታ ለመክፈት አሥራ ሁለት ነጥብ ያህል ይበቃል፤ አጋርሽ ከከፈተ ግን ስድስት ካለሽ ዝም አትበይ። ይህን እንደ ዳዊት በቃሏ ትወጣዋለች። ጠረጴዛው ላይ አጋሯ እኔ በልብ ካርታ ከፍቼ «አንድ ልብ» ስል ግን አንገቷን ደፍታ «አልፋለሁ» ትላለች። ካርታዋ ሲዘረጋ አሥራ አንድ ነጥብ!

«ምን ነካሽ?»

«አባባ፣ እርስዎ ከተናገሩ በኋላ እኔ ምን እጨምራለሁ?»

ስንከላከልም ያው ነው። ደምሴ ንጉሥ ሲጥል፣ ሽማግሌ እንዳታዋርድ አሷን ትደብቃለች። ጮህሁ። ታውቂዋለሽ ጩኸቴን፤ አንቺ ካርታሽን ገልብጠሽ ላሟን ለማየት ትወጪ ነበር፣ እስክበርድ ድረስ። እናኑ ግን መውጣትም አልደፈረች፤ ዓይኗ ብቻ እንባ ሞላ። ደምሴ ተነሣ። «አንተ ሰው፣ ይህችን ልጅ ደግመህ ብትጮህባት እዚህ ቤት ካርታ አንነካም» አለ። ውባለምም ነጠላዋን አነሣች። አንቺ ያቆምሽው ጠረጴዛ በእኔ አፍ ሊፈርስ ነው ብዬ ደነገጥሁ። ማታ እናኑን ጠርቼ፣ ለእኔ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «እዚያ ጠረጴዛ ላይ አማት የለም፤ አጋር ብቻ ነው» አልኋት።

ባለፈው እሑድ ደምሴ አሥር ዙር ሊወስድ ተዋዋለ። ከአሥራ ሦስቱ አራት ከቀማነው ይወድቃል። የልብ ንጉሥ ጣልሁ፤ ንግሥቲቱም በእጄ ናት። እናኑ የእኔን ንጉሥ፣ የአማቷን፣ በአስ ወሰደችው!

አፌን ከፈትሁ። ደምሴ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ውባለም ነጠላዋን ያዘች። እናኑ ትንሽ ልብ መለሰችልኝ፤ ያኔ ገባኝ። ሌላ ልብ አልነበራትም። በንግሥቴ ወሰድሁ፣ ሦስተኛ ልብ ጣልሁ፣ ሁሉን በሚያሸንፈው ቆራጭ ካርታ ቆረጠችው። ንጉሤን በትንሿ ልብ ብታሳልፈው ኖሮ፣ አሷ ብቻውን እጇ ላይ ቀርቶ መንገድ ይዘጋብን ነበር። አራተኛውን በእጄ በነበረ የሌላ ዓይነት አስ ጨረስነው።

የተከፈተው አፌ በሳቅ ሞላ። ደምሴ «መሪጌታው ይህን ነው ያስተማሯት?» ብሎ ካርታውን ወረወረ፤ ውባለምም በባሏ ሽንፈት ከሁላችን በላይ ሳቀች። ሲወጡ ለፊታችን እሑድ ቀጠሩን። እናኑማ ከዚያ ወዲህ አንደበቷ ተፈቷል፤ ትናንት «አባባ፣ በደካማ ካርታ ለምን ይከፍታሉ?» ብላ ተቆጣችኝ።

የሺዬ፣ አንቺን ለማሰብ ወንበርሽን ባዶ አልተውም። በየእሑዱ ሰው ይቀመጥበታል፣ እጨቃጨቃለሁ፣ ጭቅጭቁንም አንድ ሳልረሳ ለአንቺ እጽፋለሁ።