ወንበሩ ከፍ ይበልልኝ

ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለሜ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ ሲያይ ማጉረምረሙን ተወ? ልጆቹስ፣ ያ ቀልደኛው ባልሽስ? እኔ ተመስገን ነው። ሕክምናው አልቆ፣ አንድ ጡቴን የወሰደው ካንሰር ለጊዜው የለም ተብያለሁ። ደህና ነኝ እንዳልል ሰው ሁሉ እንደ ብርጭቆ ይይዘኛል፤ ታምሜያለሁ እንዳልል እበላለሁ፣ እስቃለሁ፣ ሰውም አማለሁ። የቱ እንደሆንኩ እንጃ። «ሥራዬን ለቅቄ ላስታምምሽ ልምጣ» ላልሽኝ መልሱን ያዘገየሁት ለዚህ ነው።

ባለቤቴ ማንቆርቆሪያ እንኳ አያስነሳኝም። ጎረቤቴ ደግሞ «ቢላ የነካው ገላ ከተንቀሳቀሰ በሽታው ይነቃል» ትላለች፤ ማን እንደነገራት ግን አትናገርም። ክንዴን የምታሠራኝ ፊዚዮቴራፒስቷ በተቃራኒው ተራመጂ፣ ጣቶችሽን ግድግዳው ላይ እያራመድሽ ክንድሽን ወደ ላይ አውጪው ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ በእግሬ ስሄድ ድካሙ ይቀለኛል፣ እንቅልፍም ይወስደኛል። ክንዴን ሳነሳ ግን ብብቴ ሥር እንደ ጠበበ ቀሚስ ይወጥረኛል፤ ያኔ የጎረቤቴ ወሬ ትዝ ይለኝና ቶሎ አወርደዋለሁ።

ወደ ፀጉር ቤቱ ሥራዬ ከተመለስኩ ወዲህማ ባሰ። አለቃችን፣ «ጥድፊያ» የምንላት፣ ክንዴን እንዳላነሳ አዝናልኝ ደንበኛ በተቀመጠ ቁጥር ሮጣ የወንበሩን ፔዳል ትረግጥና መሬት ልታስነካው ትደርሳለች። እኔም መረቅኳት። ክንዴ ግን ጭራሽ እየደረቀ ሄዶ የራሴን ፀጉር ማበጠር አቃተኝ። በቃ ካንሰሩ ተመልሶብኛል ብዬ ሐኪም ቤት ሮጥኩ። ሐኪሙ መርምሮ አልተመለሰም አለኝ። ፊዚዮቴራፒስቷ የወንበሩን ነገር ስትሰማ በሳቅ ፍርስ አለች፤ «አንቺ ሴትዮ፣ ክንድሽ የደረቀው ስላላነሳሽው ነው፤ ስፖርትሽን ለወንበር ሰጥተሽ ነው እኔ ጋ የመጣሽው?»

ለጥድፊያ ስነግራት አኮረፈች፤ እኔ እኮ አዝኜልሽ ነው አለች። ቢሆንም ወንበሩን ትንሽ ከፍ አደረገችው። የደንበኛዬን ፀጉር ስተኩስ ክንዴ ወጠረኝ፣ ቆይቶ ደግሞ ላላ። ልደሰት ወይስ ልፍራ? ግራ ገብቶኝ መተኮሻውን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ደንበኛዬ እንባዬን በመስተዋት አይታ «ፀጉሬን አቃጠልሽው እንዴ!» ብላ ከወንበሩ ልትዘል ነበር።

እታለሜ፣ አሁንም ነገሩ አልጠራልኝም። ነይ እንዳልልሽ አንቺም እንደ አራስ አስተኝተሽ አትነሺ ትይኛለሽ፤ ቅሪ እንዳልልሽ ናፍቆትሽ አላስቀምጥ ብሎኛል። እንግዲያው ሥራሽን ሳትለቂ በእረፍትሽ ነይ። ማስታመሙ ይቅርና አብረን እንራመድ።

ቀልደኛውን ባልሽን ቀልዱ ናፍቆኛል በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን ግንባሯን፣ ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ። አማትሽንም ጤና ይስጥልኝ በይልኝ። ስትመጪ አውቶቡስ ጣቢያ እቀበልሻለሁ። ትልቁን ሻንጣ ባለቤቴ ይይዘዋል፤ ትንሿን ቦርሳ ግን እኔ ነኝ የማነሳት፣ ከእጄ እንዳትነጥቂኝ።

ታናሽሽ
ከፀጉር ቤቱ፣ ከፍ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጬ
ቅዳሜ ጠዋት፣ የካቲት 14 ቀን