በእናታቸው ቤት ዝናሽ፣ በአማታቸው ቤት የትነበርሽ

ወይዘሮ ዝናሽ ሰውአገኝ ጠርዙ የተቀደደ የታካሚ ካርድ እጃቸው ሲገባ በመጀመሪያ በነጭ ፕላስተር ይለጥፉታል፤ ከዚያ ቀና ብለው ባለካርዱን ያዩታል። በቀሐ ዳር ሆስፒታል የካርድ ክፍል መስኮት ያለፈ ሰው ሁሉ የሚያስታውሳቸው እንዲህ ነው።

ወይዘሮ ዝናሽ ከአባታቸው ከአቶ ሰውአገኝ አዳነና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበቡ ክንዱ በ1954 ዓ.ም. በጭልጋ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ጎንደር፣ አክስታቸው ዘንድ መጥተው ተማሩ። በ1972 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንዳጠናቀቁ በሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ተቀጠሩ፤ እስከ ጡረታቸውም ከዚያ ክፍል አልወጡም።

በ1976 ዓ.ም. የጃናሞራዋ መካነ ብርሃን ተወላጅ ከሆኑት ከመምህር ማንያዘዋል ጋር ትዳር መሠረቱ። አማታቸውም ሙሽራዋን እንደተቀበሉ በአገሩ ወግ አዲስ ስም አወጡላቸው፤ የትነበርሽ አሏቸው። በጃናሞራ ዘመድ ዘንድ ዛሬም ዝናሽ ቢባል የሚያውቅ ጥቂት ነው።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ክፉኛ አተኩሷት ከጃናሞራ መጣች። ይዘዋት የመጡት አማቷ ስሟ ባንቺአየሁ ነው አሉ። በዚህ ስም የተቀመጠ ካርድ ስላልነበረ ወይዘሮ ዝናሽ አዲስ አወጡላት። ሐኪሙ የማይስማማት መድኃኒት እንዳለ ጠየቀ፤ አማቷ ከጋብቻው በፊት የሆነውን አያውቁም፣ እሷም መናገር አቅቷት ነበር። ፔኒሲሊን ታዘዘላት። መርፌውን እንደተወጋች ትንፋሿ ተቋረጠ፤ ሐኪሞችና ነርሶች ተረባርበው በጭንቅ አተረፏት። በማግሥቱ ወንድሟ መጥቶ “ብርነሽ የት ተኛች?” ሲል ነገሩ ተገለጠ። ከማግባቷ በፊት በብርነሽ ስም የወጣው ካርድ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፤ ፔኒሲሊን እንደማይስማማትም በቀይ ተጽፎበታል።

ወይዘሮ ዝናሽ የዚያን ዕለት ምሳ አልበሉም። ለባለቤታቸው “እኔ ራሴ የትነበርሽ ሆኜ፣ ምነው ሌላ ስም አላት ወይ ብዬ ሳልጠይቅ ቀረሁ?” ይሏቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ በመስኮታቸው ያለፈችን ሴት ሁሉ “በእናትሽ ቤት ማን ይሉሻል? በአማትሽ ቤትስ?” ብለው ሳይጠይቁ አላሳለፉም። ሁለቱም ስም ካርዱ ላይ ይጻፋል።

ይህ ግን ሰልፉን አስረዘመው። የሥራ ባልደረባቸው አቶ ኪሩ “እትዬ ዝናሽ፣ ካርድ ነው የምናወጣ ወይስ ክርስትና የምናነሳ?” እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸውም “አንተ ጻፍ፤ ክርስትናውን ቄሱ ያነሳል” ይሏቸዋል። የሆስፒታሉ ኃላፊ ዶክተር ፍቅርተማርያም ግን ነገሩን በቀልድ አልያዙትም። “ሐሳቡ ሸጋ ነው፤ ነገር ግን ሰዉ ፀሐይ ላይ ቆሟል። እስከ ፋሲካ ሰልፉ ካልቀነሰ ጥያቄው ይቀራል” አሏቸው።

ጥያቄው ከቀረ ሌላ ብርነሽ እንደምትመጣ ወይዘሮ ዝናሽ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ከመስኮቱ ወጥተው ታካሚዎች ተራ ወደሚጠብቁበት አግዳሚ ወረዱ። በጥበቃው ሰዓት አጠገባቸው ተቀምጠው ወንዱንም ሴቱንም ስማቸውን ሁሉ ይጠይቃሉ፣ በወረቀት ጽፈው ወደ ውስጥ ይልካሉ፤ ታካሚው መስኮቱ ጋ ሲደርስ ካርዱ ወጥቶ ይጠብቀዋል።

ሁሉም ወዲያው እሺ አላላቸውም። አያ ዓለምነው የተባሉ ከደጋ የመጡ አዛውንት ሌላ ስም እንዳላቸው ቢጠየቁ ተቆጡ።

“የክርስትና ስሜን ነው? እሱን ለቄስ እንጂ ለመስኮት አልናገርም።”

“እሱንስ ለራስዎ ይያዙት፣ አያ። ሰፈር ውስጥ ማን እንደሚሉዎት ነው የምጠይቅዎት።”

አዛውንቱ በበትራቸው ተደግፈው ጠጋ አሉና “አባ ጉልቤ ይሉኛል፤ ጻፊው” አሉ። አግዳሚው በሙሉ ሳቀ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። ወይዘሮ ዝናሽ ከዚያ በኋላ የክርስትና ስም የሚጠየቅ የመሰለውን ሁሉ አስቀድመው ያረጋጉ ነበር።

ፋሲካ ሲቃረብ ዶክተር ፍቅርተማርያም ወደ ግቢው ወጥተው “ሰዉ የት ሄደ?” ብለው ጠየቁ። አቶ ኪሩ በመስኮቱ ብቅ ብለው “ሐኪም ዘንድ ገብቷላ!” አሏቸው። ጥያቄው በዚያው ጸና። በ2011 ዓ.ም. ካርዱ በኮምፒውተር ሲተካ ለስም የተተወው ቦታ አንድ ብቻ ነበር። ወይዘሮ ዝናሽ ለባለሙያዎቹ የብርነሽን ታሪክ ነገሯቸው፤ ሁለተኛ ቦታ ተጨመረ። በ2014 ዓ.ም. በጡረታ ሲሰናበቱ ብርነሽ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከጃናሞራ መጥታ ነበር።

በጎንደር አጠገብ በፀዳ በሠሩት ቤት ከባለቤታቸው ጋር በጡረታ ሲኖሩ በኩላሊት ሕመም ተይዘው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸው መምህር ማንያዘዋል፣ ልጆቻቸው መዝሙር፣ እፀገነትና ሰጠኝ፣ የልጅ ልጆቻቸውም ከኋላቸው ቀርተዋል። አንዱን ከሌላው የማያምታታ አምላክ በክርስትና ስማቸው የወለተ ሥላሴን ነፍስ ከደጋጎቹ ወገን ይደምርልን፤ ለቀሩትም መጽናናትን ይስጥ።

በዐረፉበት ዕለት ጠዋት፣ በተኙበት ሆስፒታል አጠገባቸው ወዳለው አልጋ ከመካነ ብርሃን የመጡ እናት ገብተው ነበር። ነርሷ በሥራ ተጠምዳ ስለነበር ወይዘሮ ዝናሽ ራሳቸው “እናቴ፣ ትውልድ ቤትዎ ማን ይሉዎታል?” ብለው ጠየቋቸው። እፀገነት የአልጋውን ካርድ አቀረበችላቸው። ሁለተኛውን ስም ቀስ ብለው ጻፉት፤ እስክሪብቶውን ከድነው ኮመዲናው ላይ አኖሩት።