የኬቲል ሰደርያ

ሰሜን አይስላንድ፣ ነሐሴ

ወዳጄ ኦርም፣

እናንተ ሬይክያቪክ ብራና በሣጥን ትቆልፋላችሁ፤ እዚህ ሰደርያ ይሰፉበታል! ባላቸው ባሕር ላይ የቀረባቸው እማማ ሳልቮር ጨርቅ የሚቆርጡበት የልክ ናሙና ከጥንት የላቲን መጽሐፍ የወጣ የብራና ቅጠል ነው። ለብብቱ ብለው በመቀስ ከርክመውታል። ደሜ ፈላ።

«አንተ ሊቅ፣ ምን ይላል?» አሉኝ።

አነበብኩላቸው፤ የአንድ ጳጳስ ተአምር ነው። ዓሣ አጥማጅ ሰጠመ፣ ሚስቱ አለቀሰች፣ ጳጳሱ ጸለየ፣ በሦስተኛው ቀንም ባሕሩ...

«እሺ፣ ባሏን መለሰላት?»

«እዚህ ላይ ተቆርጧል፣ እማማ።»

«ያ ሁሉ ትምህርት ለዚህ ነው?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው አላማረኝም። ከዚያ አንድ ሰደርያ አወጡ። «በዚሁ ልክ ለባሌ ለኬቲል የሰፋሁለት ነው። እሱ ባሕር እንደወጣ ቀረ። ይኼ ግን በሦስተኛው ቀን ዳርቻው ላይ ተገኘ፤ ቁልፎቹ ሁሉ እንደተቆለፉ፣ ውስጡ ባዶ።»

ብራናውን እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው።

«ሰደርያውን ለብሰህ የምትሄድ ከሆነ ውሰድ፤ አለዚያ ሁለቱንም ተው።»

ለብራና ያለኝን ስስት ታውቀዋለህ፤ ለበስኩት። እኔን ለክተው የሰፉት ይመስላል። እሳቸውም ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፉልኝ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እናትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፤ ልጆቹን ናፍቄያለሁ። ብራናው ደረቴ ላይ ነው፣ ከዚህ የሚወስደኝ ባለ ጀልባም እየጠራኝ ነው። ከመሳፈሬ በፊት ሰደርያውን ላውልቅ ብል ግን ቁልፎቹ አልፈታ አሉኝ።

ያንተው ቶርፊ